አራት ጣት ያጠረው ዩኒፎርም

ይድረስ ለእህቴ ለሮዛሪያ፣
ዙሪክ።

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ያ ሳልሽስ ለቀቀሽ? የባልሽ የኒኮላ ወገብ እንዴት ሆነ? አሁንም ያንን ሲሚንቶ በትከሻው ያመላልሳል? እኛ እመቤታችን ትመስገን ደህና ነን። እማማ ጉልበቷን ከማማረር በቀር ምንም አልሆነችም። ባሌ ሳቬሪዮ ወይን ለቀማ ላይ ነው፤ ቲማቲሙንም ጨምቀን በየጠርሙሱ ሞልተን ጨርሰናል። ደህና ነገር ያለኝ እስከዚህ ነው። የቀረው ንዴት ስለሆነ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ለሚኬላ የላክሽው ዩኒፎርም ሐሙስ ዕለት ደረሰ። ልጅሽ ፖስተኛውን ገና ከምንጩ አጠገብ ስታየው ጥቅሉን ከእጁ ነጥቃ ቤት ድረስ ሮጠች። ጥቁር ጨርቁ፣ ነጭ ኮሌታው፣ ሰማያዊ ሪባኑ፣ ሁሉም ያምራል፤ እጅሽ ይባረክ። ግን አይገባትም! ከኋላ ያሉት ቁልፎች ከቀዳዳቸው ጋር ተኳርፈዋል፤ እጅጌው ክርኗን አልፎ ትንሽ እንደሄደ ይቆማል። ትንፋሿን ውጣ ብትቆምም አልሆነም።

ልኳን የያዝኩበትን ክር ልኬልሽ ነበር እኮ! እማማ እኛን ትለካን እንደነበረው በር ላይ አቁሜ፣ አንድ ቋጠሮ ለትከሻዋ፣ አንድ ለክንዷ፣ አንድ እስከ ጉልበቷ። አንቺ ግን ምን ብለሽ ጻፍሽ? "ቪንቼንዛ፣ አንቺ ታድጋለች እያልሽ ሁልጊዜ አራት ጣት እንደምትጨምሪ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቀንሼዋለሁ። ልጄ ዘንድሮ እንደ ከተማ ልጅ ልክክ ያለ ልብስ ትልበስ።" ማን ጨመረ? ዘንድሮ አንዲት ጣት አልጨመርኩም! ክሩ እውነቱን ነገረሽ፤ አንቺ አላመንሽውም። ይባስ ብለሽ ትርፉን ጨርቅ ከስፌቱ ሥር ቆርጠሽ ጥለሽዋል፤ ፈትቼ የምለቀው ነገር የለም። ከታች እጥፋት የሌለው የተማሪ ልብስ በእኛ አገር ማን ሰፍቶ ያውቃል? እዚያ ስዊዝ ልጅ አያድግም እንዴ?

በማግስቱ መላ ብትፈልግልኝ ብዬ ሚኬላን ይዤ ወደ ልብስ ሰፊዋ ወደ ዶና ብሪጂዳ ሄድኩ። የሷን ምላስ አንቺም ታውቂዋለሽ። ልብሱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ እያየች፣ "ምነው ቪንቼንዛ፣ ይሄ ለልጅ ነው ለአሻንጉሊት? እናትየዋ የልጇን መልክ ረሳችው እንዴ?" አለች፤ ልጅቷ እዚያው ቆማ! ሚኬላ ልብሱን ከእጇ መንጭቃ፣ "እማዬ አልተሳሳተችም! እኔ ነኝ የወፈርኩት!" ብላ እየሮጠች ወጣች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምግብ እምቢ አለች። አርብ አኩርፋ ነው ብዬ ተውኳት። ቅዳሜም ውሃ ብቻ። እሁድ ፓስታዋን ከጠረጴዛው ሥር ለድመቷ ስትሰጥ ያዝኳት። "ምን እያደረግሽ ነው?" ስላት፣ "እስኪገባኝ ድረስ ነው አክስቴ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ገና ዘጠኝ ቀን አለኝ" አለችኝ። የስምንት ዓመት ልጅ! ሳቬሪዮ፣ "አንቺ ጉደኛ፣ ልብሱን ማስፋት እያለ አንቺን ልናጠብሽ ነው?" ብሎ ሊያስቃት ሞከረ፤ ወይ ፍንክች! እማማ ለመነቻት። እኔ ጮህኩባት፤ በጥፊ ልላት እጄን አንስቼም ነበር። የአንገቷን መቅጠን ሳይ ግን አቃተኝ፤ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

በማን እንደምናደድ እንኳ ጠፍቶብኛል። አንድ ጊዜ በአንቺ፣ አንድ ጊዜ "ልጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው" በሚለው የሠራተኞች ማደሪያችሁ። ባለፈው ዓመት ለገና ሳትመጪ ቀረሽ። ዘንድሮም ትርፍ ሰዓት ሥራ አለ ብለሽ ጽፈሻል። ሮዛሪያ፣ አንቺ ልብስ የሰፋሽው ለዚያች ጥለሻት ለሄድሽው የስድስት ዓመት ልጅ ነው። እኔ ቤት ያለችውን አታውቂያትም። ይህን መጻፍ ከብዶኛል፤ ግን ማን ይንገርሽ?

ትናንት እማማ አንዱን ጥቁር ቀሚሷን ከሳጥን አውጥታ "ይሄን ቁረጪው" አለችኝ። ሚኬላ መጀመሪያ አሻፈረኝ ብላ ነበር፤ በኋላ፣ ከአንቺ ስፌት የሚወጣው ሁሉ እንዲገባበት ቃል አስገብታኝ እሺ አለች። ኮሌታሽን፣ ኪስሽን፣ ቁልፎችሽን ፈትቼ በአዲሱ ላይ ሰፋኋቸው። ኮሌታው ፊት ለፊት አልገጥም ቢል ክፍተቱን በሪባኑ ሸፈንኩት። ከታች አራት ጣት አጥፌበታለሁ፤ አሁን ልትስቂ ትችያለሽ። ለብሳው ኮሌታውን ብዙ ጊዜ ዳሰሰች። ከዚያ ቁጭ ብላ ሁለት ሳህን ባቄላ በላች።

በዚህ ፖስታ ውስጥ ክር አለ። በእሱ ልብስ እንዳትቆርጪ። ሚኬላ ራሷ ከእግሯ እስከ አናቷ ለክታ አንድ ቋጠሮ ብቻ ቋጥራበታለች። ጫማሽን አውልቂና ጫፉን ርገጪው፤ ከዚያ ወደ ላይ ሳቢው። ቋጠሮው ደረትሽ ላይ ይደርሳል። ስትሄጂ ወገብሽን አቅፋ ነበር ያለቀሰችው።

እማማ በሁለት ጉንጭሽ ትስምሻለች፤ ዳግመኛ ጨርቅ ከላክሽ ለእኔ ቀሚስ ይሁን ብላለች። ሳቬሪዮ ለኒኮላ ከዘንድሮው ወይን አንድ ገንቦ እንደሚያስቀምጥለት ንገሪው፤ መጥቶ ካልጠጣው እንደማይልክለትም ጨምሪበት። እኔም እንደተቆጣሁ እስምሻለሁ። ሚኬላን "አንቺስ ሁለት መስመር አትጽፊላትም?" ብላት፣ "ክሩ ይበቃል። ይሄኛውን ትመነው በያት" አለችኝ።

እህትሽ ቪንቼንዛ
ፒዬትራልታ፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1963