የመታወቂያዬ ዕድሜ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ከረምሽልኝ? ወገብሽስ ለቀቀሽ? የእኔን ነገር ከጠየቅሽ፣ ዛሬ ምሳዬን ጨርሻለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ! በፊደል የምጽፍልሽ አውቄ ነው፤ አባዬ የተማረው በቁቤ፣ በላቲኑ፣ ስለሆነ እጁ ቢገባም አያነበውም።

ነቀምት ጠዋት ጠዋት ጉም ውስጥ ናት። በመስኮቴ የሚታየኝ የባሕር ዛፎቹ ጫፍ ብቻ ነው፤ ግንድ ያላቸው አይመስሉም። ያ ወንዝ አሁንም ከአልጋዬ ሥር ይፈሳል። እዚያ ቤታችን፣ ቢላ ከተማ እያለሁ ነይ ግቢ ይለኝ የነበረው ማለቴ ነው፤ ጫማዬን አውልቄ ልሄድለት ስል ከበር የመለስሽኝ። ኪኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ ግን ድምፁ ራቀ። ቀኑ ከቀኑ ይደባለቅብኛል፣ ነቅቼም የተኛሁ ይመስለኛል፤ ግን ደስ ይላል።

ማክሰኞ አባዬ መጣ። አክስቴን ልታግዝ ብለሽ እንደላክሽኝ፣ አክስቴም እዚህ ሆስፒታል እንዳስተኛችኝ ሰምቷል። ነርሷ ላይ ጮኸባት። ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አባቷ እኔ ነኝ፣ ያለ ፈቃዴ ማን አስተኛት፣ ለጸሎት እወስዳታለሁ እንጂ እብድ የሚል ስም አታወጡባትም አለ። ይዞኝ ከሄደ ወንዙ እንደሚወስደኝ አውቃለሁ፣ እማዬ።

ዶክተር ነብዩ አልተቆጣም። ከአሥራ ስምንት በታች ብትሆን፣ ሕይወቷን የሚያሰጋ ነገር ከሌለ በቀር፣ የእርስዎን ፊርማ እንጠይቅ ነበር አለው። ከዚያ ፋይሌን ከፍቶ መታወቂያዬን አሳየው። አሥራ ዘጠኝ ይላል።

ጉድ እኮ ነው! አምና ቤሩት ሊልከኝ ብሎ፣ ከደላላው ጋር ሁለት ዓመት ያስጨመረብኝ ራሱ! ሐሰት ነው ቢል ሊጠየቅበት ነው፤ እውነት ነው ካለ ደግሞ ፈቃዱ የእኔ ነው። መታወቂያውን መልሶ ፋይሉ ላይ አስቀመጠው። ለዶክተሩም የገባው ይመስለኛል፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

አባዬ አጠገቤ ተቀመጠና፣ ማል ፌታ አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ምን እንደምፈልግ ጠይቆኝ ያውቃል እንዴ? እዚህ መተኛት ነው የምፈልገው አልኩት። ኮቱን አውልቆ እግሬ ላይ ጣል አደረገልኝና ወጣ። በጣም አለቀስኩ። አልጠላውም እኮ።

እንግዲህ እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ዕድሜሽንም ያርዝምልኝ፣ የእውነቱን።

አንድ ነገር ብቻ። መታወቂያው የነበረበት ሳጥን ቁልፉ ከአባዬ ወገብ አይለይም። ማን ከፈተው ብሎ ከጠየቀሽ፣ ናኦሚ ሰርቃ ነው የሄደችው በዪው። ስትሸኚኝ ያለበስሽኝን ቀሚስ ጠርዙን ስተረትር መታወቂያውን ያገኘሁት ዕለት፣ የሰፋሽበትን ክር አቃጥዬዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንቺም አልነገርኩሽም።

አንድያ ልጅሽ ናኦሚ