የእድሩ ዌብሳይት በምን ይሠራ?

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 12፣ 2005

ደክሞኛል። የእድሩን ዌብሳይት በየትኛው የኮምፒውተር ቋንቋ፣ በጃቫ ልሥራው ወይስ በፒኤችፒ እያልኩ ሦስት ሳምንት ሳመነታ ከረምኩ። ፒኤችፒ ይቀላል ይላሉ፤ እንደ አዲስ ለመማር ግን ጉልበት የለኝም። ፕሊማውዝ ባለው መሥሪያ ቤቴ ቀኑን ሙሉ የምሠራው በጃቫ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሮዝቪል በተደረገው የእድሩ ስብሰባ ላይ «በጃቫ ነው» ብዬ ተገላገልኩ። ሰው ሲሞት ስሙን ማስገባት ብቻ ነው፤ ለአባላቱ ሁሉ ኢሜይል ይደርሳል አልኳቸው።

ጸሐፊያችን ጋሽ ኢድሪስ የአባላቱን ደብተር ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ።

«እኔ ስታመም ይሄን ደብተር ማንም ተቀብሎ ይሠራበታል። ያንተን ከኛ መሃል የሚያውቅበት ሌላ ሰው አለ?»

«ለጊዜው እኔ ብቻ ነኝ።»

«ታዲያ አንተ የሞትክ ለት ማን ይጽፍሃል፣ ልጄ?»

ክፉ አስበው አይደለም፤ እድር ላይ የሚጠየቀው እንዲህ ነው። ማንም አልሳቀም።

ስንወጣ ደብተሩን ገልጠው አሳዩኝ። ስሜ አጠገብ የተጠሪ፣ ብሞት መጀመሪያ የሚነገረው ሰው፣ ቦታ ባዶ ነው። «የማንን ስም ላስገባ?» አሉኝ። ነገ እደውልልዎታለሁ አልኩ። ቤት ገብቼ ብዙ አሰብኩ፤ የምሰጣቸው ስም አላገኘሁም። በጃቫም ሠራሁት በፒኤችፒ፣ እኔው የነደፍኩት የአባላት መመዝገቢያ ፎርም የተጠሪ ቦታ ካልተሞላ አያሳልፍም።