ገና ያልሞትክበት ቤት

ሰይዶዬ፣

በሰላምታ ልጀምር ብዬ እስክሪብቶውን አንስቼ ነበር። ግን ሰላምታ መልስ ይፈልጋል፤ ብትመልስልኝ ምን ይውጠኛል ብዬ ተውኩት። ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። አንተም መንገድ ከርመህ ስትገባ ወሬህን በአፍህ ይዘህ ነበር የምትመጣው። ስለዚህ እጄ ያልለመደውን ሲታገል ብታይ አትሳቅብኝ።

ቤቱ ደህና ነው። አይሱዙዋን የመቂው ወዳጅህ ወሰዳት። አሁንም ሽንኩርት ጭና በደጃችን ስታልፍ ጥሩምባዋን ያሰማኛል፤ እኔም ከሱቁ ሳልወጣ እጄን አነሳለሁ። በር ላይ የምትቀመጥባት ነጭ የፕላስቲክ ወንበር አንተ እያለህ የተሰነጠቀ አንድ እግሯን በሽቦ አስሬላታለሁ። ዒዳዬን፣ አራት ወር ከአሥር ቀኑን፣ ከቤት ሳልወጣ ጨረስኩ። ጎረቤት ሁሉ ተራ ገብቶ ሲጠይቀኝ፣ አንዳንዷ ደግሞ ስኳር ልትገዛ መጥታ እያለቀሰች ስትመለስ ሰነበተ። ዒዳዬን የጨረስኩ ቀን ብቻዬን አልጋችንን ከግድግዳው አላቅቄ ራስጌውን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ለማንም አልተናገርኩም። መኝታ ቤቱን ዘግቼ ስለምውል ልጃችን አንዋር እንኳ አላየውም። ይህን የምነግርህ በምክንያት ነው።

ልጽፍልህ የተነሳሁት ስለ ድሬዳዋው ወር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከመቂና ከዓለም ጤና ሽንኩርት እየጫንክ ድሬ ስትመላለስ ከተማዋን ያየሃት ጭነት እስኪራገፍ ድረስ ብቻ ነበር። አንድ ታኅሣሥ ትል ነበር፣ አንድ ሙሉ ታኅሣሥ ያለ ሽንኩርት እገባለሁ። እዚህ አዳማ ንፋሱ አቧራ እያስነሳ ጉልበታችንን ሲቆረጥመን እኛ እህቴ እታለም ግቢ ውስጥ ፀሐይ እንሞቃለን። ቀትር ላይ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ ሲተኛ እኛም እንተኛለን፤ ከዐስር በኋላ ሰው ሲወጣ እንወጣለን። እንዲህ እያቀድክ እንቅልፍ ይወስድሃል፣ በማግስቱ ከዓለም ጤና ይደወልልሃል፣ ታኅሣሥም ያልፋል። እስቲ ሽንኩርቱን አስፈቅደው እያልኩ አበሽቅህ ነበር። አሁን ያ ማብሸቅ ይቆጨኛል።

ዘንድሮ ልሄድ ነው። ከመሄዴ በፊት ግን የደበቅሁህን ነገር መናገር አለብኝ። እህትህ እንደሞትክ አታውቅም።

አንተ ባረፍክ ሰሞን እታለም ልቧን ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ልጇ ፈቲያ እያለቀሰች ደውላ፣ አሁን መርዶ ከሰማች ተከትላው ትሄዳለችና በአላህ ይዛችሁ አቆዩልኝ አለችን። አጎትህ ሐጂም ልክ ናት አሉ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ትዳንና ሽማግሌ ይዘን በጠዋት ቤቷ ሄደን እናረዳታለን ተባለ። ሁላችንም የአንድ ወር ነገር መስሎን ነበር።

መጀመሪያ መንገድ ላይ ነው አልናት። ቀጥሎ ስልኩ ተበላሽቶበታል አልን። ቀጥሎ ደግሞ ጆሮውን ስላመመው ስልክ አይሰማም አልን። እታለምን ታውቃታለህ፣ በዋዛ የምትሸነፍ አይደለችም። እሱ ባይሰማኝ እኔ እሰማዋለሁ፣ በሉ አቅርቡትና ይናገር አለች። ያኔ ነው ጥፋቱን ያጠፋሁት። የአንዋር ድምፅ ያንተው ድምፅ ነው፤ ሰው በስልክ ሲሳሳትባችሁ አንተ ራስህ ትስቅ ነበር። አንድ ጁምዓ ከሶላት ሲመለስ ስልኩን ሰጠሁትና፣ ለአንዴ ብቻ እንደ አባትህ ሁን አልኩት። እታለም፣ እንዴት ነሽልኝ፣ አለ። እጄ ላይ የነበረው የስኳር መስፈሪያ ወደቀ። ድምፁንስ ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅሁት መጨረሻ ላይ የምታወጣትን ያቺን አጭር ትንፋሽ ነው። ያቺ ትንፋሽም አብራ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ በየጁምዓው ሆነ። ጆሮው ተሻለው አልናት፣ እሷም አልሐምዱሊላህ አለች። አንዋር ከዱከም ፋብሪካ ሐሙስ ማታ ይመጣል፣ ጁምዓ ዕረፍቱ ነው፤ ከምሳ በኋላ አንተ ሆኖ ከእህትህ ጋር ያወራል። እውነት ለመናገር ሱቁን እዘጋና አጠገቡ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ዓይኔን ጨፍኜም አዳምጬ አውቃለሁ።

አንድ ጁምዓ እታለም የወሎውን የልጅነት ቤታችሁን አንስታ፣ ያን እንስራ የሰበረው ማን ነበር ብላ ጠየቀችው። እኔ ስለ እንስራ ሰምቼ አላውቅም፤ አንዋርማ ከየት ይሰማል። አላስታውስም በላት ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። እሱ ግን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ እኔ ነኝ የሰበርኩት፣ ስባሪውን ቁልቋሉ ሥር ቀበርኩት፣ የተገረፍሽው ግን አንቺ ነሽ አላት። እታለም እያለቀሰች ሳቀች። ስልኩ ሲዘጋ የልጃችን ከንፈር አመድ መስሏል። ከየት አመጣኸው ስለው፣ እኔ አላመጣሁትም እማ፣ አፌ ውስጥ አገኘሁት አለኝ። ለሰፈራችን ሼህ እንንገራቸው አልኩትና ሳንነግራቸው ቀረን። ምን ብለን እንነግራቸዋለን?

በጥቅምት ደግሞ እታለም ራሷ ረቡዕ ቀን ደወለችልኝ። አንቱ ስላት እንደ ልማዷ ተቆጣችኝ፣ ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ነገር በሙቀቱ ቀልጦ አልቋል፣ አንቺ በይኝ አለች። ስቄ ሳልጨርስ፣ አልጋውን ወደ መስኮት ማዞርሽ ጥሩ ነው፣ የጠዋት ፀሐይ ለጉልበትሽ ይሆናል፣ ሰይዶ ነገረኝ አለች። መቼ ነገረሽ አልኳት። ትናንት ከዐስር በኋላ፣ መንገድ ላይ ሆኖ ነው መሰለኝ ንፋስ ይሰማ ነበር አለችኝ። ትናንት ማክሰኞ ነው። አንዋር ዱከም ሥራ ላይ ነበር። ያንተ ስልክ ቁም ሳጥን ውስጥ በመሀረብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ባትሪው ከሞተ ዓመት ሆኖታል። ሄጄ ፈታሁት። ጠፍቶ ነው ያገኘሁት፣ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ።

ፈቲያን ለብቻዋ ደውዬ ጠየቅኋት። እማዬ ከዐስር በኋላ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ታወራለች፣ ሲጠራ ግን ሰምቼው አላውቅም አለችኝ። ዕድሜ ነው አልን ሁለታችንም። የአልጋውን ነገር ግን ዕድሜ አይነግራትም።

ግብዣው የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። ታኅሣሥን እኔ ጋ ታሳልፋላችሁ፣ ሁለታችሁም፣ ሠላሳውንም ቀን፣ አለች። ወደ ግቢው የሚከፈተውን ክፍል ኖራ አስቀብታለች፤ ሁለት አልጋ አስገብታለች፤ ለጉልበቴ ብላ ዝቅ ያለውን አልጋ ለእኔ አድርጋዋለች። ሰይዶማ ቀድሞ መጥቶ አይቶታል፣ ወዶታል አለችኝ።

ፈርቼ እምቢ ያልኩ ይመስልሃል? ደስ አለኝ፣ ሰይዶ። እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ የለም። አዳማ ላይ ባሏ የሞተባት ራውዳ ነኝ። ሱቁ ውስጥም፣ ሠርግ ቤትም፣ ቀበሌም ያው ነኝ። ድሬ ላይ ግን ባል አለኝ። በዓለም ላይ አንተ ገና ያልሞትክበት አንድ ቤት ቀርቷል፣ እኔም ሠላሳ ቀን ልኖርበት ተጋብዣለሁ። የት ሄደ ሲሉኝ አሁን ይመጣል እያልኩ፣ ምሳውን ከድኜ እያስቀመጥኩ። ሌላ ነገር አልፈለግሁም።

እንዳንተ ቁጭ ብዬ አቀድኩ። ሱቁን ማን እንደሚይዝ፣ ለእታለም ከመቂ ቀይ ሽንኩርት፣ ከወንጂ ሸንኮራ እንደምወስድላት፣ በባቡር እንደምሄድ። ከወለንጪቲ በኋላ ሙቀቱ ሲጀምር፣ መተሐራ ላይ ያን ጥቁር ድንጋይና ሐይቁን ሳይ አንተ ያልከኝን ሁሉ እያስታወስኩ እንደምሄድ። ሻንጣውን በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ሰው እየገባ እየወጣ ነው ያጨቅሁት። ስጨርስ ግን ከላይ ያንተን አረንጓዴ ሽርጥ አየሁት። ልብስህን ሁሉ ሰደቃ ሰጥቼ ያስቀረሁት እሱን ብቻ ነው። ከሥሩ መፋቂያህ አለ፣ ለሆድህ የምትወስደው ጥቁር አዝሙድ አለ። ሌላ እጅ አልገባበትም። እኔው ነኝ ለሁለት ሰው ያጨቅሁት፣ መቼ እንዳደረግሁት ግን አላውቅም።

ያስቆመኝ ግን ሻንጣው አይደለም፣ አንዋር ነው። ግቢ ከመግባቱ በፊት እንዳንተ ሁለቴ ማሳል ከጀመረ ቆይቷል። ሲገባ ያቺ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ያ የተሰነጠቀው እግር ወደሌለበት ወገን ዘንበል ብሎ፣ አንተ እንደምትቀመጠው። እሰይ አባቱን መሰለ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ባለፈው ሐሙስ ከዱከም ሲመጣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ስምህ ማነው አለው። ሰይድ እባላለሁ ብሎ መለሰ። የተናገረውን ያወቀው ከወረደ በኋላ ነው። መጥቶ እግሬ ሥር ተቀመጠና፣ እማ በቃኝ፣ አባባን እወደዋለሁ፣ እኔ ግን የት እንዳለሁ ጠፋኝ አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ የሚያለቅሰው ግን በራሱ ድምፅ ነበር። ያን ድምፅ ከሰማሁት ስንት ጊዜ እንደሆነኝ ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

በማግስቱ ጁምዓ ስልክ አልደወልንም። ሐጂ ጋ ሄጄ እታለም ትረዳ አልኳቸው። ብትሞትብንስ አሉኝ። ልጄስ አልኳቸው። ሁለት ሽማግሌ ይዤ አብሬሽ እመጣለሁ አሉ። ፈቲያ ሐኪሙን ጠይቃ ልቧ አሁን ይችላል ብሎኛል አለች፤ የፈቲያ ድምፅ ራሱ ግን የሚችል አይመስልም ነበር። እኔም እፈራለሁ። እታለም በእኔ አፍ ምክንያት አንድ ነገር ብትሆን ቀሪ ዕድሜዬን እንዴት እንደምኖር አላውቅም። ግን ከእናንተ ከሁለታችሁ በፊት ልጁ ይቅደም ብያለሁ። አንተም ብትሆን እንዲህ ትል ነበር።

ወሩን ግን አልሰረዝኩትም። ረቡዕ እንሳፈራለን፣ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ቤቷ እንገባለን። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ይከፍቱታል፤ ቃሉን የምናገረው እኔ ነኝ። ከዚያ ሠላሳውን ቀን ከእህትህ ጋር ለቅሶ እቀመጣለሁ። ኖራ በተቀባው ክፍል ውስጥ፣ ዝቅ ባለው አልጋ ላይ።

መርዶውን እንዴት እንደምናገር ሳሰላስል ሰንብቼ ትናንት አንድ ነገር ገባኝ። አንተም የራስህን መርዶ አልተረዳህም። ያን ቀን ከመቂ ተመልሰህ ምሳህን በልተህ ትንሽ ጋደም ልበል አልክ፤ እንደተጋደምክ ቀረህ። ምንም ሳታውቅ ነው የሄድከው። ከዚያ ወዲህ ዓመት ሙሉ የሰማኸው የእኛን ድምፅ ነው፤ ሰይዶ ደህና ነው፣ መንገድ ላይ ነው፣ አሁን ይመጣል። ደህና ነው እየተባለ የሚወራለት ሰው ደህና ነኝ ብሎ መንገድ ለመንገድ ቢዞር፣ እህቱ ጋ ቢደውል፣ ክፍሉን ቀድሞ ቢያይ ምን ይገርማል? ጥፋቱ ያንተ አይደለም። የነገረህ ሰው የለም።

ስለዚህ ከእታለም በፊት ላንተ ልንገርህ። ተቀመጥ፣ ሰይዶ። ሞተሃል። አምና መስከረም ውስጥ፣ እዚሁ ቤት፣ ራስጌው ገና ግድግዳው ጋ በነበረው አልጋችን ላይ ሞትክ። አጥበውህ፣ ሰግደውብህ፣ በዚያው ቀን ቀበሩህ። ወንድ ጎረቤት ሁሉ ተሸክሞሃል፤ ልጅህ መቃብሩ ውስጥ ቀድሞ ገብቶ ተቀብሎሃል። ምንም አልጎደለብህም። እኔ ብቻ ነኝ ያጎደልኩብህ፣ መሞትህን አምኜ አላለቀስኩልህም።

አሁን የልጁን ድምፅ ለልጁ ተውለት። ሚስትህ ሆኜ አስታውስሃለሁ፤ እስክከተልህ ድረስ በየሶላቴ መጨረሻ ስምህን ከራሴ ስም አስቀድሜ እጠራለሁ። እታለም ትሰማኛለች ብዬ፣ አንዋር ይሰማኛል ብዬ፣ ከስምህ በኋላ መባል ያለበትን ቃል ዓመት ከሁለት ወር በአፌ አላወጣሁትም። ይኸው አሁን ሱቁ ተከፍቶ፣ ሰው እየሰማኝ፣ ጮክ ብዬ አልኩት። ሰይድ፣ አላህ ይርሐመው።

ባለቤትህ ራውዳ
አዳማ