እንዲደርቁ የተውካቸው ሳንቃዎች

ደምሴ ሆይ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላህ ሳምንት ቀረው። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ እዚያ ቢያንስ መጋዝ አይሰጡህም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን። መብራት በመጨረሻ ሰፈራችን ገባ። አምፖሉ ሲበራ የሠራኸው ቁም ሳጥን እንከኑ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየ፤ በኩራዝ ጊዜ ይሻለው ነበር። በሩ ዘንድሮም በክረምት አበጠና ልጅህ አስቴር ልብሷን ለማውጣት እግሯን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ነው የምትስበው። በበጋ ደግሞ አይጥ የሚያሳልፍ ክፍተት ይኖረዋል።

ለምን እንጨት ሥራ እንደወደድክ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቀኑን ሙሉ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስትገለብጥ ትውል ነበር፤ አናጢ ሁን ያለህም የለም። ከሁሉ የሚያናድድህ ቀን ማጣትህ ነበር። በሥራ ቀን ቢሮ ነህ፣ እሑድ መዶሻ አይነሳም፣ በማርያምና በሚካኤልም እንደዚያው። የምትተርፍህ የቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነበረች፤ እሷም ለቅሶ ካልመጣባት ነው። አንድ ቅዳሜ የወንበሩን እግር ሙጫ ቀብተህ ልትመታው ስትል፣ እማማ በላይነሽ ከአጥሩ ማዶ ዛሬ ሚካኤል መሆኑን ረሳህ ወይ ብለው ጮኹብህ። መዶሻውን ጣልክ። ሙጫው ግን በዓል አያውቅምና እግሩ እንደተጣመመ ደረቀ። ያ ወንበር አሁንም አለ፤ የማይወደድ እንግዳ ሲመጣ አቀርበዋለሁ።

ዋናው ጥፋት ግን ችኮላህ ነበር። ያቺን ከሰዓት ላለማባከን ከእንጦጦ የወረደውን ባሕር ዛፍ እርጥቡን ገዝተህ እርጥቡን ትሠራው ነበር። ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ ቤት ይገባል፤ ወር ሳይሞላው ጫፍና ጫፉ ወደ ላይ ይነሳል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለክተህ ትቆርጥና ያጥርሃል። ከዚያ እስከ ሰኞ አታናግረኝም። እኔም መጥረቢያ ላቀብልህ ወይ እያልኩ አበግንህ ነበር።

በመጨረሻው ዓመትህ ምን እንደነካህ እንጃ። ጥቂት ሳንቃ ገዝተህ በጓሮ በኩል ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ነፋስ እንዲገባቸው በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባህ ደረደርካቸው። ዓመት ሳይሞላቸው አልነካቸውም አልክ። ምን ልትሠራባቸው እንደሆነ ስጠይቅህ፣ መጀመሪያ ይድረቁ አልከኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጣህ ዳበስ አድርገሃቸው ትመለሳለህ። ምንም ሳይሠራ ያን ያህል ደስ ያለው ሰው አላየሁም። ከዚያ ታመምክ።

ትናንትና ወንድምህ ተስፋዬ ለሙት ዓመትህ ድግስ ማገዶ ሲያስብ ዓይኑ እነሱ ላይ አረፈ። ደረቅ እንጨት እቤት እያለ ለምን እንገዛለን አለ፤ ለራሱ ነፍስ አይደል ወይ አለ። እውነቱን ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ሳንቃ ምን ያደርግላታልም አለኝ። መጥረቢያውን ሲያነሳ ግን አትንካው ብዬ ጮህኩ። በቀብርህ ቀን እንኳ እንደዚያ አልጮህኩም። ተስፋዬ ደንግጦ መጥረቢያውን አስቀመጠና ማገዶ ሊገዛ ወጣ።

እሱ ከሄደ በኋላ አንድ በአንድ አውርጄ አየኋቸው። አንዱም አልጠመመም፣ አንዱም አልተሰነጠቀም። ቀጥ ብለዋል፣ ደምሴ። ተናደድኩብህ። ስንት ዓመት ተቻኩለህ ስታበላሽ ኖረህ፣ መጠበቅ የቻልክ ጊዜ ጥለኸኝ ሄድክ። ጓሮ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ተስፋዬ ማገዶውን አሸክሞ ሲመለስ ተነስቼ ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ።

ሳንቃዎቹ ለአስቴር የማጥኛ ጠረጴዛ ይሆናሉ። አናጢ አልጠራም፤ መጋዝህን አስሞርጄ እኔው እሞክረዋለሁ። ይበላሽ ይሆናል፤ ቢበላሽም በዚህ ቤት የመጀመሪያው አይሆንም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከእንጦጦ የወረደ እርጥብ ሳንቃ ገዝቼ፣ ልክ አንተ እንዳደረግከው በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባሁ ክፈፉ ሥር ደረደርኩት። ዓመት ይፈልጋል። እሱ ሲደርቅ ሌላ እገዛለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥቼ ዳበስ አደርገዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ አንተ ያልጨረስከውን መጠበቅ እኔ እጠብቅልሃለሁ።

ዘነበች