ባሕሩ ከመስኮታችን ከፍ ብሎ

ውዴ አበራ፣

ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛው የዝናብ ወራት ገባ። ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምርልህ ነበር፤ ላንተ ግን ዋሽቼ አላውቅም። ፈርቻለሁ።

ሳን ሆዜ ዳር፣ ባሕሩ አጠገብ ይቺን ቤት ስንገዛ፣ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ነበርክና ሰፈሩ ለምን እንደጎደጎደ አስረድተኸኛል። ድሮ ገበሬዎቹ ለፍራፍሬ እርሻቸው ውሃውን በፓምፕ ሲስቡት፣ መሬቱ ከሥሩ እየሳሳ ቁጭ አለ። ፓምፑ ሲቀንስ መስመጡ ቆመ፤ የሰመጠው ግን አልተነሣም። «አይዞሽ፣ ባሕሩን የሚያግደው ግድብ አለልን» አልከኝ፤ አመንኩህ። እሁድ እሁድ ግድቡ ላይ ስንንሸራሸር አንተ በባሕሩ በኩል ትሆንልኝ ነበር።

ባለፈው ወር ዝናቡ አላባራ አለ፤ ባሕሩም በዚያው ሞላ። ጎረቤታችን ማሪያ ጠዋት አንኳኩታ ግድቡ ላይ ይዛኝ ወጣች። አበራ፣ ውሃው ከሳሎናችን መስኮት ከፍ ብሎ ቆሟል። ከግድቡ ግርጌ ደግሞ ቀጭን ውሃ ይመነጫል፤ ሠራተኞች የአሸዋ ከረጢት እየደረደሩ ይሯሯጣሉ።

ልጃችን ሳራ ከኦክላንድ እየበረረች መጣች። «እማዬ፣ ፕሊስ፣ ዕቃሽን ፓክ አድርጊ» አለችኝ። የአባትሽን ቤት ትቼ የት እሄዳለሁ ብላት፣ በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ፤ አባዬ ቢኖር እሱ ራሱ አስነሥቶ ይወስድሽ ነበር ነው የምትለው። ሻንጣዬን ይዤ ተከተልኳት።

ግድቡ ያዘ፤ ቤታችንም አልረጠበም። እኔ ግን ስመለስ እንደ ድሮው መቀመጥ አቃተኝ። ቧንቧ ሲንጠባጠብ እንኳ ደንግጬ ወለሉን በእጄ እዳብሳለሁ። ስለዚህ ቤቱን ለሽያጭ አወጣሁት።

ሕፃን የታቀፉ ባልና ሚስት ሊያዩት መጡ። ጓሮውን ወደዱት፤ ጽጌረዳህንም። የሕፃኗን እግር ሳይ አላስችል አለኝና ግድቡ ላይ ይዣቸው ወጣሁ፤ አንተ የነገርከኝን ሁሉ ነገርኳቸው። አልገዙም። አሻሻጩ ተቆጣኝ፤ አንተ ግን የምትቆጣኝ አይመስለኝም።

ቤቱ እስኪሸጥ አልጠብቅም፤ ነገ ሳራ ጋ እገባለሁ። ኦክላንድም ባሕር አለና ፍርሃቴ ይለቀኛል አልልህም። እስትንፋሴ እስካለች ግን ስምህ ከአፌ አይጠፋም። የት እንደሄድኩ እንድታውቅ ብዬ ነው የጻፍኩልህ። ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አበራ፤ ከፍ ያለ ነው።

ያንተው እልፍነሽ