አቶ ወልደገብርኤል የሺዋስና ያልተሠሩት አራት ክፍሎች

እናታቸው ወይዘሮ ብዙወርቅ ደምሴ የአቃቂ ጣቢያ ሰፈርን ልጆች ሁሉ ያዋለዱ አዋላጅ ነበሩ። በ1940 ዓ.ም. ግንቦት ወር አቶ ወልደገብርኤል ሲወለዱ ግን አዋላጇን የሚያዋልድ ጠፍቶ ብቻቸውን ተገላገሉ ይባላል። አባታቸው አቶ የሺዋስ አበጋዝ የሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ።

አቶ ወልደገብርኤል እስከ ስምንተኛ ክፍል በሰፈራችን ትምህርት ቤት ተምረው በ1959 ዓ.ም. በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በመካኒክነት ተቀጠሩ፤ ጡረታ የወጡትም ከዚያው ነው። በ1965 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፈለቀች ጋር ተጋብተው አራት ልጆች ወልደዋል። የተበላሸ ነገር አይተው ማለፍ አይችሉም ነበር። የጎረቤት በር ሲጢጥ ሲል ከሰሙ እንኳ ሳይጠሩ ዘይት ይዘው ይሄዳሉ።

በ2002 ዓ.ም. ልጆቻቸው ተምረው የወጡ ቢሆንም የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነው ተመረጡ። ልጆቹ በፈረቃ፣ በአንድ ክፍል ዘጠና እየሆኑ ይማሩ ነበር። በተከታዩ ዓመት የወረዳው ምክር ቤት ለአራት ተጨማሪ ክፍሎች በጀት አጸደቀ፤ የመሠረቱን ድንጋይ ነዋሪው እንዲያቀርብ ተባለ። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ድንጋይ ፈለጠ፤ ባለሱቁ አቶ ሙህዲንም በአይሱዙአቸው ከወንዙ ዳር አመላለሱ። ድንጋዩ ግቢው ውስጥ ተከመረ፤ በጀቱ ለሌላ ሥራ ዞረ።

አቶ ወልደገብርኤል የጸደቀው ይፈጸም ብለው በ2004 ዓ.ም. በኮሚቴው ስም ክስ መሠረቱ። መርካቶ ያስቀረጹትን ክብ ማኅተም ክሱ ላይ ደህና አድርገው መቱበት፤ ማኅተም ያለው ሁሉ መክሰስ የሚችል ይመስላቸው ነበር። ለነገሩ ለሁላችንም ይመስለን ነበር። ምክር ቤቱን ሲጠይቁ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ስላለ አንነጋገርበትም አሏቸው። ከሁለት ዓመት ምልልስ በኋላ ፍርድ ቤቱ፣ ኮሚቴው አልተመዘገበምና መክሰስ አይችልም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። በራሳቸው ስም ሲከሱ ደግሞ እዚያ የሚማር ልጅ ስለሌለዎት አያገባዎትም ተባሉ።

ልጃቸው ታደሰ ከነባለቤቱ በመኪና አደጋ ካረፈ ወዲህ ሴት ልጁን ሮዳስን በሞግዚትነት የሚያሳድጉት እሳቸው ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ከደህና የግል ትምህርት ቤት አስወጥተው እዚያው ሰፈራችን ትምህርት ቤት አስገቧት። ቤተሰቡ ተቆጥቶ ነበር፤ እሷም ሦስት ቀን አለቀሰች። በመጀመሪያው ቀን መቀመጫ አጥታ፣ እንደ ሌሎቹ ልጆች ከክምሩ አንድ ድንጋይ አንስታ ክፍል ውስጥ ተቀመጠችበት። በመስኮት ያዩት አያቷ «ድንጋያችን ሥራ አገኘ» ብለው ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

በእሷ ሞግዚትነት ያቀረቡት ክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀባይነት አግኝቶ ለየካቲት 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ተቀጠረ። የሳንባ ሕመማቸው ግን ጸናባቸው፤ ሰኞ የካቲት 20 ቀን በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ዐረፉ። ቀጠሮው ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ሌላ ሞግዚት በፍርድ ቤት እስኪሾም ማንም በሮዳስ ስም ሊቆም እንደማይችል፣ ለዚያም ሌላ ቀጠሮ እንደሚያስፈልግ ተነግሮናል። የምናደርገው ጠፍቶናል። ነገ ስማቸው ሲጠራ አቤት የሚል የለም፤ ሮዳስም በዚያው ሰዓት ድንጋይዋ ላይ ትቀመጣለች።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን እግዚአብሔር ያጽናና። የእሳቸውን ነፍስ ግን ያለ ቀጠሮ ይቀበልልን።