ጉጠቱ ላይ የቀረው ደም

ቅዳሜ

ሊያባርሩኝ ነው። አሠሪዬ ማዳም የጥርስ ሐኪም ናት። ጠዋት ኦብሑር ሰፈር ያለው ቤቷ ውስጥ እሠራለሁ፣ ከሰዓት ክሊኒኳ ዕቃ አጥባለሁ። ዛሬ ነርሷ የጥርስ መንቀያውን ጉጠት ስታነሳ መጋጠሚያው ላይ የደረቀ ደም አገኘች። ደግነቱ ሰው አፍ አልገባም። ክሊኒኩን የሚያስተዳድረው ሙዲር ሁሉም ፊት ጮኸብኝ። "ኸላስ፣ በቃ፣ አገሯ ትግባ!" ማዳም ዝም አለች። ዝምታዋ ከጩኸቱ ባሰብኝ።

ወላሂ አጥቤዋለሁ።

እሑድ

እህቴ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። እኔ ብመለስ ማን ያስተምራታል?

ማዳም ወጥ ቤት መጣች። "ዘይነባ፣ እንዴት እንደምታጥቢ አሳዪኝ።" አሳየኋት። ሙዲሩ በቅርቡ የገዛው አረንጓዴ ፈሳሽ፣ የፈላ ውሃ፣ ብሩሽ።

"የፈላ ውሃ ማን አለሽ?"

"ሙዲሩ።"

እኛ ወሎ በግ ሲታረድ ቢላው በቀዝቃዛ እንደሚታጠብ፣ ሙቅ ውሃ ደሙን እንደሚያጣብቀው ነገርኳት። ለምን ቀድሜ እንዳልተናገርኩ ጠየቀችኝ። ማን ይሰማኛል ብዬ ነዋ! ይህን በሆዴ ይዤ ብሩሹን አለቀለቅኩ።

ሰኞ

ማዳም ከሥጋ ቤት የበግ ደም አመጣች! የስቴንለስ ሳህኖች ላይ ቀብተን ፀሐይ ላይ አደረቅን። ከዚያ እያንዳንዱን አጥበን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠረግን።

አረንጓዴው በሙቅ ውሃ፦ ቡናማ እድፍ።
አረንጓዴው በቀዝቃዛ፦ ትንሽ ቀረ።
የዕቃ ሳሙና፦ ለዓይን ንጹሕ፣ ጨርቁ ግን ቀላ።
በረኪና፦ ደሙን አስለቀቀ፣ ሳህኑን አበላሸ።
ድሮ የምንጠቀምበት ሰማያዊው ፈሳሽ፣ በቀዝቃዛ፦ ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሁለቴ ሞከርነው።

በመጨረሻ ማዳም እጅጌዋን ሰብስባ፣ በአረንጓዴውና በሙቅ ውሃ ራሷ አጠበች። ፈተገች፣ ፈተገች። "አየሽ፣ የኔም አልጸዳም" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያዬ።

ማክሰኞ

ማዳም ሁሉንም ሰበሰበችና ሳህኖቹን ደረደረች። "ጥፋቱ የዘይነባ አይደለም። እንዲህ እጠቢ ያልናት እኛ ነን" አለች። ወደኔ ዞራ ደግሞ "ሳምሒኒ፣ ያን ቀን ዝም ማለት አልነበረብኝም።" ሐኪም፣ የቤት ሠራተኛዋን፣ ሰው ፊት ይቅርታ! እንባዬ መጣ።

ሙዲሩ ወለል ወለሉን አየ። ከሰዓት ሰማያዊውን ፈሳሽ በካርቶን አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠና ወጣ።

ዓርብ

መካ ነን። የማዳም እናት እዚሁ ጀርወል ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ እሳቸውን ልትጠይቅ ስትመጣ እኔንም ይዛኝ መጣች። "ሂጂ፣ ሐረም፣ ታላቁ መስጊድ ስገጂ፣ አትቸኩዪ" አለችኝ።

ለእናቴ ዱዓ አደረግኩ። ለእህቴ። ለማዳም ረጅም። ልነሳ ስል ሙዲሩ ትዝ አለኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ለእሱ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ቆየ፤ በኋላ ግን ዱዓው ወጣልኝ። ልቤ ቅልል አለኝ። አልሐምዱሊላህ።